ምርኮኛዋ ሳህን

መምህር አማኑ «ማን ይጀምር?» ሲሉ መጀመሪያ የተነሳው እጅ የፈድሉ ነበር። ሌላ ሰው ቀድሞት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ ነበር።

በዚያ ሴሚስተር ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምናጠናው አንድ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ግጥም ነበር። ታሪኩን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። በአንድ ግብዣ ላይ የአንዲት ወይዘሮ ማራገቢያ ሾርባ ውስጥ ትወድቃለች፤ በዚህ ሰበብ ሁለት የለንደን ቤተሰቦች ይጣላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ገጣሚው ግን ይህችን ሾርባ የነካት ማራገቢያ ይዞ ጦር ያዘምታል፣ መለከት ያስነፋል፣ ማንኪያውን ሰይፍ ያደርገዋል፣ ከሰማይ መናፍስት ያወርዳል። መምህር አማኑ የቡሌ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ ጌዴኦኛው ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን «ግጥሟ ትንሽ ልጅ ሆኖ የአባቱን ካፖርት ለብሷል» አሉን። «ቁም ነገሩ ካፖርቱ ነው ወይስ ልጁ? እሱን ፈልጉ።»

እኔ ደግሞ ፈልጊ የተባልኩትን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ከጡት ጋር ጥያቄ ነው የጠባችው» ትላለች። አንድ ነገር አልገባኝ አለ፤ ይህ ገጣሚ የሚስቀው በማን ነው? በወይዘሮዋ? በሁለቱ ቤተሰቦች? ወይስ ይህን የምናነበው በእኛ? ግጥሙን ደጋግሜ ባነበውም መልሱ እየሸሸኝ ሄደ።

ከዚያ የቤት ሥራው መጣ። በየሰፈራችሁ ያለ አንድ ትንሽ ጠብ ፈልጉና በትልቅ ቋንቋ በአማርኛ ግጠሙት ተባልን። ፈድሉ ወረቀቱን ይዞ ፊት ወጣ። ሲያነብ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል፤ ያችን ዘንበል ማለት ከልጅነቴ አውቃታለሁ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ እወዳታለሁ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ እኔ ሳያይ ፎከረ፦

ዘራፍ የቆርቆሮ፣ የሚስማሩ ጌታ፣
ጃንጥላውን መክቶ፣ ዝናብ የሚረታ፤
ጎረቤት ሲሰምጥ፣ በገዛ አሸንዳው፣
«ዝናቡ የአላህ ነው!» ብሎ የሚረዳው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ሮሆቦት መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች። ዲላ ትልቅ ከተማ አይደለችም። የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ፣ የራሱ አሸንዳ ግን የሚያፈስ ነጋዴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አባቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ የሙሐሲን ሱቅና የፈድሉ እናት የእትዬ ሀዲጃ የጨርቅ ሱቅ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። ሁለቱም ከስልጤ አንድ ሰፈር ነው የመጡት። በረመዳን ማፍጠሪያ ሲደርስ በዚህና በዚያ ቤት መካከል ሳህን ሲመላለስ ነው ያደግነው። ሳምቡሳ ይዛ የመጣች ሳህን ባዶዋን አትመለስም፤ ቴምር ወይም ጣፋጩ ሙሽበክ ተደርጎባት ነው የምትሄደው። ሁለቱ ቤቶች እንደዚህ ነበሩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኢድ ሲቃረብ፣ እትዬ ሀዲጃ የበዓል ሻሾቻቸውን ደጃፍ ላይ ሰቅለው ሳለ ዶፍ ወረደ። የአባቴ አሸንዳ ተገነጠለና ውሃውን በሙሉ በእሳቸው ሻሾች ላይ ገለበጠው። ቀዩ አረንጓዴውን፣ አረንጓዴው ነጩን አበላሸው። እትዬ ሀዲጃ ገበያው ሁሉ እየሰማ «አሸንዳ ሻጭ ሆኖ የራሱን አሸንዳ ያልጠገነ!» ብለው ጮሁ። አባቴ ይቅርታ ማለት ሲገባው «አሸንዳው የኔ ነው፣ ዝናቡ ግን የአላህ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተነጋገሩም። አባቴ አሸንዳውን ቢጠግን ጥፋቱን ማመኑ ነው፤ ስለዚህ በሱቁ ሙሉ አዲስ አሸንዳ እያለ የራሱ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እትዬ ሀዲጃ በበኩላቸው ላስቲክ ወጠሩ።

ከጠቡ በፊት በነበረው ምሽት ፈድሉ ሳምቡሳ ይዞ መጥቶ ነበር። ሳህኗን ሲሰጠኝ ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ሁለታችንም ቶሎ አልለቀቅንም። ባለ ቀይ አበባ የብረት ሳህን ናት። እስካሁን ቤታችን አለች። ባዶዋን ብንመልሳት ነውር ነው፤ ሞልተን ብንመልሳት መሸነፍ ነው። እናቴ አቧራዋን እያራገፈች መልሳ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣታለች። እኔም ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር አያታለሁ፣ ጣቶቹን አስታውሳለሁ።

«እዚህ ላይ ይብቃ፣ ለሌሎቹም ሰዓት ያስፈልጋል» አሉ መምህር አማኑ። ፈድሉ ሊቀጥል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ያኔ ነው ያየኝ። ዓይኔን ከሱ ላይ አነሳሁ፤ እንዲህ ዓይነት ብርድ ደረቴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ከክፍል ስንወጣ ውጭ ዛፍ ጥላ ስር ጠበቀኝ።

«ሚስራ፣ ስሚኝ፣ አላለቀም እኮ…»

«የእናትህስ?» አልኩት። «እናትህ የታለች? ወይስ ፉከራ የሚያምረው በሰው አባት ላይ ነው?»

«አለችበት! ከአባትሽ ይልቅ እሷን ነው የቀጣኋት። ቀሪውን ልላክልሽ…»

«ግቢው በእናትህ አልሳቀም ፈድሉ። ግቢው የሳቀው በአባቴ ነው። ነገ ሚስማር ሊገዛ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ አባቴን እያየ ይስቃል።»

አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ያችን ዘንበል ማለት መውደዴ ራሴን አናደደኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቴሌግራሙን ዘጋሁበት። ቤት እስክደርስ ስልኬን ደረቴ ላይ ይዤ ነበር፣ የራሴው እጅ መልሶ እንዳይከፍተው።

እቤት የጠበቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። ገደብ ከተማ ቡና የሚነግዱ ሰዎች ለልጃቸው ለነስሩ እሁድ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። አባቴ «እንስማቸው እንጂ፣ መስማት ምን ይጎዳል?» አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ምክንያት እፈጥር ነበር። ፈድሉ ሽማግሌ መላክ አለመቻሉን አውቃለሁ፤ እናቱ በዚያ የተንጠለጠለ አሸንዳ ስር አልፈው አይገቡም፣ ያለ እሳቸው ደግሞ ማን ይመጣል? አንድ ቀን ይታረቃሉ ብለን ሁለት ዓመት ጠበቅን። አሁን ግን የምጠብቀው ሰው በአባቴ ላይ ፎክሯል። «እሺ» አልኩ። «እሺ»ዋ አፌ ውስጥ መረረችኝ።

በማግስቱ መምህር አማኑ ቢሮ ሄድኩ። ስለ ውጤቴ የመጣሁ መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ሰውን በትልቅ ቃል እያወደሱ መሳቅ ንቀት ነው ወይስ ፍቅር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ጥያቄ ከግጥሟ ነው የመጣው ወይስ ከአንቺ?»

«ከሁለቱም።»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኛ ጋ ቡሌ፣ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የእንሰት ችግኝ ተጣሉ። በማን ድንበር ነው የበቀለው ብለው። አጎቴ በዚያች ችግኝ ላይ ዘፈን አወጣ፤ እንደ ንጉሥ አነገሣት፣ ዘበኛ አቆመላት። ሰዉ ሳቀ፣ ወንድማማቾቹ መጀመሪያ ተናደዱ።» ፈገግ አሉ። «እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ ሚስራ። የምትንቂውን ሰው ያን ያህል አትዘፍኚለትም። ለስድብ አንድ መስመር ይበቃል። ገጣሚው ምን ያህል እንደሚያውቃቸው እይ። እሱን ነው ማየት።»

ቤት ገብቼ የእንግሊዙን ግጥም እንደ አዲስ ከፈትኩት። ይህ ሰው የማራገቢያዋን እጀታ ቅርጽ ያውቃል። ወይዘሮዋ ስትቆጣ የትኛው ቅንድቧ እንደሚነሳ ያውቃል። አንዱ አዛውንት ሲያፍሩ ከንፈራቸውን እንደሚነክሱ ያውቃል። ይህን ሁሉ ለማየት ስንት ቀን አጠገባቸው ተቀምጧል? የማይወድ ሰው እንዲህ ያያል? «ጃንጥላ»፣ «ሚስማር»፣ «ዝናቡ የአላህ ነው»። ፈድሉ አባቴን እንዴት ነው ሲያይ የኖረው? የቀሩት መስመሮች ምን ይሉ ይሆን? ጉጉቴ ከቁጣዬ ጋር ታገለ፤ ቁጣዬ ኩሩ ስለሆነ ስልኩን አልከፈትኩም። ናፈቀኝ፣ በጣም ናፈቀኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ሱቅ ነበርኩ። የበልጉ ዝናብ ሲያንዣብብ የግቢ ተማሪ የሚያመላልሰው ባለ ባጃጅ ጋዲሳ ከፊታችን ሲያልፍ አንገቱን አወጣና «ዘራፍ የቆርቆሮ፣ የሚስማሩ ጌታ!» ብሎ እየሳቀ ነጎደ።

አባቴ ሚዛኑን አስቀመጠ። «ምን አለ?»

«የክፍላችን ግጥም ነው» አልኩና ዓይኔ ወደ እነ ፈድሉ ሱቅ ሸሸ። ዓይኔ ሲሸሽ አባቴ ያውቅብኛል።

«ማነው የጻፈው?»

መልስ አልጠበቀም። ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ዞረና ሁለት ዓመት ጠርቶት የማያውቀውን ስም ጠራ። «ፈድሉ! ና እዚህ!»

ፈድሉ በሩ ላይ ቆመ። በኪሱ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ከላይ በእጁ ይዞታል። እኔን አላየኝም፣ ወይም ላለማየት ታገለ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በክፍል ሙሉ ሰው ፊት አነበብከው?»

«አነበብኩት።»

«እንግዲያው በእኔም ፊት አንብበው። ከመጀመሪያው።»

የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ዝናቡ ጣሪያውን መታው፤ ፈድሉ ለመሰማት ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። «ዘራፍ» አለ። የአባቴ ፊት ድንጋይ ነው። «ጃንጥላውን መክቶ…»

«ጃንጥላ አልነበረም» አለ አባቴ።

«እ?»

«ያን ቀን ጃንጥላ አልያዝኩም። የሲሚንቶ ከረጢት ነው ራሴ ላይ የደፋሁት። ከጻፍክ አስተካክለህ ጻፍ።»

ፈድሉ እስክሪብቶ አወጣና አስተካከለ። እኔ አባቴን ትኩር ብዬ አየሁት። ቁጣ ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሮውን ሰጥቶ፣ አገጩን በእጁ ይዞ፣ ስለ ራሱ የሚወራውን እንደ ልጅ ያዳምጣል። ይህን ሰው ከዚህ በፊት ማን ገጥሞለት ያውቃል?

ፈድሉ ቀጠለ፦

ዘራፍ የሻሽ ንግሥት፣ የሐር እመቤት፣
በሳፋ ከበሮ፣ የምትል ክተት፤
ሻሿ ስለራሰ፣ ሁለት ዓመት ከርማ፣
ልጇን «ከዳኝ» ያለች፣ ሰላምታው ቢሰማ።

ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ሀዲጃ መቀስ ድምፁ ተቋረጠ። በየማለዳው ሱቅ ሲከፍቱ የአባቴን ጆሮ ለማደንቆር ብረት እንደሚመቱ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ፈድሉ አባቴን ሰላም ሲል መቆጣታቸውንም። ፈድሉ ገረጣ።

«ሳፋ አይደለም!» አለ ግድግዳው። «ድስት ነው! ሳፋዬንማ ያን ቀን ቀለሙ አበላሽቶት ጣልኩት!»

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። «የምን ድስት? ሳፋ ነው! በጆሮዬ የሰማሁትን!»

«አንተ ደግሞ ድስትና ሳፋ መቼ ለይተህ ታውቃለህ!»

ሁለቱም ባንዴ ዝም አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ መሆኑ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል።

«ሌላም አለው?» አለ አባቴ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«አለው ጋሼ።» ፈድሉ ወረቀቱን ገለበጠ።

ምርኮኛዋ ሳህን፣ ባለ ቀይ አበባ፣
ባዶዋን አትወጣ፣ ሞልታም አትገባ፤
ከወጥ ቤት መደርደሪያ፣ ታስራ ያለ ወንጀል፣
ሁለቱን ሳትከስ፣ አንዱንም ሳትበድል።

በየቀኑ የማያት ሳህን በሱም ዓይን ፊት እንደነበረች ያወቅኩት አሁን ነው። ያች የጣት ንክኪ የእኔ ብቻ አልነበረችም። ሦስት ቀን የዘጋሁበትን በር በራሴ ላይ የዘጋሁት መሰለኝ።

«ከዚያስ?» አለ አባቴ።

«ከዚያ የለም። መምህሩም መጨረሻ የለውም ብለው ማርክ ቀንሰውብኛል።»

«ለምን አልጨረስከውም?»

ፈድሉ ያኔ ዞሮ አየኝ። ረጅም፣ ምንም ያልደበቀ እይታ ነበር። «መጨረሻው በእኔ እጅ አይደለም ጋሼ።»

አባቴ የዓይኑን መንገድ ተከትሎ እኔ ላይ ደረሰ። ሚስማር የያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ሚስራ?»

ተነሳሁ። «አባ፣ የገደቦቹ ሰዎች ነገ አይምጡ። ነስሩን አላውቀውም፣ ክፉም አልለውም። እኔ የምጠብቀው ሽማግሌ ግን ከዚህ ግድግዳ ማዶ ነው። ሁለት ዓመት ያንን አሸንዳ ቀና ብዬ እያየሁ ዝም ያልኩት አንተን ላለማሳፈር ነው። ከዚህ በላይ አልችልም። እወደዋለሁ።»

«እወደዋለሁ» የምትለውን ቃል በአባቴ ፊት አንድም ቀን ተናግሬያት አላውቅም። ከወጣች በኋላ ልመልሳት ብፈልግ አልችልም ነበር፤ አልፈለግሁምም።

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መሬት መሬት አየ። በሩ ላይ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ በርሜሉን ሞልቶ ይፈስሳል። ያንን ውሃ ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ሳህኗን አምጪ» አለኝ።

ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው፤ እየሮጥኩ ሄጄ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አባቴ ሳህኗን በሁለት እጁ ተቀበለና ሱቁን ዞር ዞር ብሎ አየ። ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ሽቦ። የሚበላ ነገር የለም። በመጨረሻ ካርቶን ውስጥ እጁን ከትቶ የቆርቆሮ ሚስማር ዘገነ፤ ደግሞ ዘገነ፤ ቀይ አበባዋ እስክትሸፈን ሞላት።

«ባዶዋን አትወጣም ብለሃል አይደል?» አለና ለፈድሉ ሰጠው። «ውሰድላት።»

ፈድሉ ዝናቡን አቋርጦ ገባ። ከግድግዳው ማዶ ሚስማሩ በብረቱ ላይ ሲንሿሿ ሰማን። ከዚያ የእትዬ ሀዲጃ ድምፅ መጣ። ቁጣ ሊሆን ሞክሮ አልሆነላቸውም።

«አንተ ሙሐሲን! ይሄ ምኑ ነው የሚበላው?»

«አይበላም» አለ አባቴ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፣ እንዳላየሁ ሆንኩ። «ለአሸንዳው ነው። ልጅሽ ወጥቶ ይምታው። የምትልኪያቸው ሽማግሌዎች ሳይረጥቡ ይግቡ።»

ከዚያ እትዬ ሀዲጃ አፍንጫቸውን ሲያብሱ ሰማሁ፤ «መሰላሉን አውጣ እንግዲህ!» ብለው ልጃቸው ላይ ጮሁ። አባቴ ስልኩን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ «ወንድሜ፣ ስለ ነገው ጉዳይ…» ሲል ሰማሁት።

ዝናቡ አላባራም ነበር። ፈድሉ መሰላሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ አሸንዳውን ይመታል። እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። ውሃው በሻሼ ገብቶ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ገበያው ቆሞ ያየናል፤ ሮሆቦትም ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ከማዶ ቆማ ስልኳን ይዛ ትቀርጸናለች።

«ሚስራ» አለኝ፣ ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ። «ጥሩ አድርገሽ ያዢው እንጂ፤ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ደስ ብሎኝ ነው።»